ጭጋጉ ውስጥ የሸተተን ጧፍ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ፍልሰታ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ዓመት አልፎትም ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው አንድም ስለፈራሁ፣ አንድም ስላፈርኩ ነው። የትኛው እንደሚበልጥ እኔ ለይቼ አላውቅም፤ እናንተ ፍረዱ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉራ አይሁንብኝና፣ ሌላው ሦስት ቀን የዋለበትን ብልሽት እኔ ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አገኘዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ የደረሰብኝን ስትሰሙ ደህና አድርጋችሁ እንድትስቁብኝ ነው።

የራሴ መኪና አለችኝ። ከጨረታ የገዛኋት፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ የመስክ መኪና ናት። ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ስለሚበላሽ "ዊንች ባስርላት የትም አትቀርም" ብዬ አሰብኩ። ዊንች ማለት ከፊት ፓራውልቱ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ ኃይል የብረት ገመድ እየጠቀለለ ጭቃ የያዘውን መኪና የሚያወጣ ሞተር ነው። አንድ ያገለገለ አገኘሁ። መቀመጫውን በአንድ ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው በያጅ ጓደኛዬ በየደልኝ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን እኔው ዘረጋሁ።

ሥራውን የጨረስኩት ግቢዬ ውስጥ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ሊያወርደው ደርሷል። የባትሪውን ማሰሪያ ዝገት እንዳይበላው የምቀባው ግሪስ ደግሞ አልቆብኛል። ባለቤቴ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ለፍልሰታ ጧፍ እየሠራች ነበር፤ የቀለጠው ሰም ድስቱ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ተቀምጧል።

"እስቲ ከሱ ትንሽ ስጪኝ" አልኳት።

"ለቤተ ክርስቲያን የታሰበ እኮ ነው። ምን ልታደርገው?"

"ሰም ውሃ አያስገባም። ከግሪስ ይሻላል።"

እያጉረመረመች በጣሳ ቀዳችልኝ። ለብ ሲል በጣቴ እየዛቅሁ የባትሪውን ራስ፣ የማሰሪያውን ውስጡንም ውጪውንም፣ የኔጌቲቩ ገመድ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ቡሎን ሳይቀር ጥግብ አድርጌ ቀባሁና አጠበቅሁት። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ዛር እንደያዛት ሆነች። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር "ቀጭ" ትልና ዝም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ዊንቹን ስነካው መብራቷ ይደበዝዛል፣ የጡሩምባዋ ድምፅ ይሰልላል።

ባትሪውን በቴስተር ለካሁት፤ ሙሉ ነው። ፊውዝ ቀየርኩ፣ ሪሌ ቀየርኩ፣ የዘረጋሁትን ሽቦ ሁሉ ፈትቼ እንደገና ዘረጋሁ። የባትሪውን ማሰሪያ ግን አልነካሁትም። ራሴ አጥብቄ፣ ራሴ አሽጌው ምን ሊሆን? ይልቅ በያጁን ያዝኩት። "ያንተ ብየዳ ነው ኤሌክትሪኩን ያበላሸው!" ብዬ ጮህኩበት። ሦስት ቀን ሙሉ ተኮራርፈን በአንድ በር ገባን ወጣን።

እንዲህ ስበሳጭ ሳለሁ አገሬ ደወለችልኝ። አገሬ የየኔታ ልጅ ናት። የኔታ ደግሞ ከቁይ ከተማ በላይ ባለው ደጋ፣ እኔ በተወለድኩበት ቀበሌ፣ እኔን ጨምሮ ያገሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ መሪጌታ ናቸው። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ እጄን ይዞ እሳቸው ዘንድ የወሰደኝን ቀን አልረሳውም። ጣቴን በጣታቸው ጨብጠው ከሀ ወደ ሁ፣ ከሁ ወደ ሂ ይወስዷት ነበር። እኔ ስቸኩል "ቀስ በል፤ ፊደሉ አይሸሽህም" ይሉኛል።

እኚያ ሰው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ማየት ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

"ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ማርቆስ ላይ በነፃ እየሠሩ ነው" አለችኝ አገሬ። "የአባባን ስም አስመዝግቤያለሁ። ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሱ ስማቸው ይሰረዛል። ደግመው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ሰዉ በቃሬዛ እንውሰዳቸው ቢል 'በሕይወቴ ሳለሁ ቃሬዛ ላይ አልወጣም' ብለው እምቢ አሉ። ያንተ መኪና ትደርሳለች?"

"ትደርሳለች" አልኳት። ምላሴን ይቁረጠው!

ረቡዕ ከሰዓት ወጣሁ። ዝናብ አባርቶ ስለነበር መንገዱ አላስቸገረኝም። የኔታን መደባቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ተንጠልጥሏል። መምህራቸው በእጃቸው ጽፈው ያወረሷቸው ነው። እያወሩኝ እጃቸውን ዘርግተው ማኅደሩን ይዳብሱታል፣ ይመልሳሉ፣ ደግሞ ይዳብሱታል።

"የመምህሬን የእጅ ጽሕፈት አንዴ አይቼ ብሞት ደስ ይለኝ ነበር" አሉኝ። "ግን ብረት ዓይኔ ውስጥ ሊገባ ነው ሲሉኝ ልተወው እላለሁ። አልዋሽህም፣ ልጄ፤ ፈርቻለሁ።"

የኔታን ፈርተው አይቼ አላውቅም። ያኔ እኛ ነበርን የምንፈራቸው።

ሲዘንብ አደረ። ንጋት ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አገሬ አባቷን ጋቢ በላይ በላዩ አልብሳ ከፊት አስቀመጠችልኝ፤ እሷ ከኋላ ገባች። ቁልፉን አዞርኩ። "ቀጭ።" እንደገና። "ቀጭ።" ጎረቤት ተጠርቶ ገፍቶ ቁልቁለቱ ላይ አስነሳልኝ።

ጭጋጉ እንዲህ ያለ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ነጭ ነው፤ ከኮፈኑ ወዲያ ምንም የለም። ዛፍ ብቅ ይልና ይጠፋል። የቤት ጣሪያ ያለ ግድግዳ አየር ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። ሞተሩ ባይሰማኝ ኖሮ የምንሄድ አይመስለኝም ነበር። የኔታ በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ ትርጉሙን የማላውቀውን ግእዝ እየሰማሁ ዓይኔ ይከደን ይከደን ይለኛል። የልጅነቴ ጠዋቶች እንዲህ ነበሩ። ጭጋግ ውስጥ ገብቼ ስወጣ የኔታ ደጅ ደርሼ እገኛለሁ።

አንድ ሰዓት ከተጓዝን በኋላ ወንዟ ጋ ደረስን። ትንሽዬ ወንዝ ናት፤ ትናንት ቁርጭምጭሚት አትደርስም ነበር። ማዶ ወጣሁ ስል የኋላ ጎማዎቹ ማጥ ውስጥ ሰጠሙ። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ትገባለች። አገሬ ወርዳ ድንጋይ ደረደረች፤ ጭቃው ዋጠው።

"አትጨነቁ፣ ዊንች አለን" አልኩ። ገመዱን ስቤ ዳገቱ ላይ ባለ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ላይ አሰርኩት። መቆጣጠሪያውን ተጫንኩ። ዊንቹ አንድ ክንድ ያህል ሳበ፤ ድምፁ ሰለለ፤ ቆመ። መብራቱም ጠፋ፤ ሞተሩም ጠፋ። የሚሰማው የወንዟ ድምፅ ብቻ ሆነ።

የኔታ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። "አየህ? መኪናውም እምቢ አለ። አልተፈቀደልኝም ማለት ነው። መልሰኝ።"

"የኔታ፣ ትንሽ ይታገሡኝ..."

"መልሰኝ ብዬሃለሁ። በእግሬም ቢሆን እመለሳለሁ።"

አገሬ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች በሩን ይዛ ታለቅሳለች። እኔን ላብ አጥምቆኛል። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ ሉማሜ ደርሶ አስፋልት ለመያዝ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሳሰላው ራሴን ያዞረኛል። ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ሞከርኩ፣ ዊንቹን ሞከርኩ፣ ደግሜ ሞተሪኖውን። ያቃስታል እንጂ አይነሳም። ያ ሁሉ ጉራዬ የት ገባ!

በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን ካወጡ በኋላ የኔታ ቀጥ አሉ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ጧፍ" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ጧፍ ይሸተኛል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ደረስን?"

ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። የቅርቡ እንኳ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። "የለም፣ የኔታ" ልል አፌን ስከፍት ለእኔም ሸተተኝ። ሞቅ ያለ፣ ማር ማር የሚል የጧፍ ሽታ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ! ፀጉሬ ቆመ። አገሬ አማተበችና ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ወንዟም ድምፅዋን የቀነሰች መሰለኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። ከጭጋጉ ማዶ መቅደስ ብቅ ቢል አይገርመኝም ነበር፤ እውነቴን ነው።

የኔታ ጥምጣማቸውን አወለቁ። ፊታቸው ሌላ ሆነ። ያወጡትን እግር ቀስ ብለው መልሰው አስገቡ።

"ይትባረክ! ተፈቀደልኝ። ብረትም ቢሆን ይንካኝ። ልጄ፣ እንሂድ።"

እንሂድ ማለት ቀላል ነው፤ በምን? ሌላ ማድረግ የምችለው ስላልነበረኝ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ሽታው ፊቴ ላይ ቦግ አለ። ከባትሪው ራስ ላይ ቀጭን ጢስ እየተነሳ ነው። ማሰሪያው ዙሪያ ሰሙ ቀልጦ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ወይ ጉድ! ጧፉ የበራው እኔ ኮፈን ሥር ነው።

ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። የባትሪው ራስና ማሰሪያው ብረት ለብረት መነካካት ሲገባቸው፣ እኔ ብልሁ መሃላቸው ሰም ጠቅጥቄያለሁ። ሰም ውሃ አያስገባም ያልኩት እውነት ነው፤ ኤሌክትሪክም አያስገባም! ጠዋት ብርዱ ሲያደርቀው መኪናዋ እምቢ ትላለች፤ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ትነሳለች። ዊንቹ ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ደግሞ ያ ጭላንጭል መገናኛ ይግላል፣ ሰሙም ቀልጦ ይጤሳል። ቴስተሩን በባትሪው ራስ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ሙሉ የሚለኝም ባትሪው በእርግጥ ሙሉ ስለሆነ ነው። የተበላሸ ነገር አልነበረም። የተቀባ ነገር ነበር።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። "የኔታ..." አልኩ።

"አቤት ልጄ" አሉ፤ ፈገግ ብለዋል።

ብነግራቸው መልሰኝ እንደሚሉ አወቅሁ። ዓይናቸው እዚያች ማጥ ላይ ሊቀር ነው። ባልነግራቸው ደግሞ ለመምህሬ መዋሸቴ ነው።

"ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ" አልኳቸውና ሳልነግራቸው ወደ ባትሪው ዞርኩ።

አሥር ቁጥር ቁልፍ አውጥቼ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። ጣቴን እያቃጠለኝ በቢላዋ ፋቅሁ፤ በነዳጅ በራሰ ጨርቅ ብረቱ እስኪያበራ ጠረግሁ። የሻንሲው ቡሎን ላይ ያለው ሰም አልቀለጠም ነበር። እንደ እንቁላል ቅርፊት ሙሉውን ተላቀቀ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልጣልኩትም፤ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት።

ቁልፍ ሳዞር መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ዊንቹን ተጫንኩ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ማጡ እየተንቦጫረቀ ለቀቀን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ነርሷ ዝርዝሩን ይዛ ቆማለች። ስማቸውን ስትጠራ አገሬ ከመኪናው ሳትወርድ "አቤት! አቤት!" ብላ ጮኸች።

በማግሥቱ የተሠራላቸው የአንድ ዓይናቸው ፋሻ ሲነሳ እዚያው ነበርኩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ልጃቸውን ብዙ አዩዋት።

"አገሬ፣ ሸበትሽ እንዴ?" አሉ።

እሷ መሳቅና ማልቀስ አምታታት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የኔታ አገራቸው ሲመለሱ ያን ጧፍ ላገኙት ሁሉ አወሩ። "ምስክሬም እሱ ነው" ይላሉ፤ እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። መንገደኛ ወንዟ ጋ ሲደርስ እየተሳለመ ኮሶው ሥር ድንጋይ ያስቀምጥ ጀመር። ጥቅምት ላይ አገሬ ደውላ "ሰዉ ቦታውን አጥሮ መስቀል ሊተክልበት ተስማምቷል፤ አንተም መጥተህ ያየኸውን ትናገራለህ" ስትለኝ እህል አልዋጥ አለኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት። "ሄደህ እውነቱን ንገራቸው" አለችኝ። "ከሰሙ ጋር ሂድ።"

የኔታን ፀሐይ ላይ መጽሐፋቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ከግሪሱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ሰሙን ከኪሴ አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

ሰሙን አሸተቱት። ከዚያ ወደ ብርሃን አንስተው ወደ ተሠራላቸው ዓይን አስጠጉት።

"ይሄ መስመር ምንድን ነው?"

"የቱ፣ የኔታ?"

"እዚህ ላይ፣ እንደ እርሻ ትልም የሚዞረው።"

አየሁት። "ጣቴ ነው። ስቀባው የታተመ ነው።"

"አንድ... ሁለት... ሦስት..." መቁጠር ጀመሩ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ይህንንም አያለሁ ማለት ነው" አሉ። "የጣት መስመርም አያለሁ!"

ከዚያ እንደ ድሮው ጣቴን በጣታቸው ጨብጠው ሰሙ ላይ አሳረፏት። ልክክ አለች።

"ያኔም ትቸኩል ነበር" አሉኝ።

"አይቆጡኝም?"

"ስለ ምን እቆጣለሁ? ያን ዕለት የፈራሁት እኔ ነኝ። ልመለስ ስፈልግ ጭቃውን ሰበብ አደረግሁ፣ ልሂድ ስል ጧፉን። ያሸተትኩት ግን ጧፍ አይደለም እንዴ? ጧፍ ነው። ውሸት የሚሆነው ከዛሬ በኋላ ዝም ካልን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትናገራለህ።"

ተናገርኩ። አውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ ስለ ባትሪ ማሰሪያ ያስተማርኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። መጀመሪያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አንዲት እናት ብቻ "ታዲያ እሱ ሰም ባይቀባ ኖሮ የኔታ ከመኪናው ወርደው ይመለሱ አልነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

መስቀሉ ቀረ። ኮሶው ሥር የተከመረውን ድንጋይ ግን ወንዶቹ ተሰብስበው ማጧ ውስጥ ደለደሉት። አሁን ማንም መኪና ያለ ዊንች ያልፍባታል። በያጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ደንበኞቼ ግን አልማሩኝም፤ ኮፈን ስከፍት "አደራ፣ ሰም እንዳትቀባብን" ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሰሙን የኔታ አልመለሱልኝም። "ለቤተ ክርስቲያን ታስቦ አልነበር?" አሉና ለአገሬ ሰጧት። እሷም አቅልጣ ፈትል ላይ ለበጠችው፤ አንዲት አጭር ጧፍ ወጣችው። ያን እሑድ፣ ሰዉ ስቆ ከተበተነ በኋላ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ጥላ ያለበት ጥግ ይዘን ቆምን። የኔታ የመምህራቸውን መጽሐፍ ከማኅደሩ አወጡ። ጧፏን እኔ ያዝኩላቸው።

ያው ሽታ ነው፣ ያ የጭጋጉ። ዓይኔ ይከደን ይከደን አለኝ፤ ግን አልከደንኩም። ጣቴ የታተመባት ሰም እየቀለጠች የመምህራቸውን የእጅ ጽሕፈት ታበራለች፤ እሳቸው አንድም ሳያስቀሩ፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። ጧፏ ያለቀችው ገጹ ሲያልቅ ነው። እስከ ዛሬ ጧፍ በሸተተኝ ቁጥር አፍራለሁ፤ ቀጥሎ ግን ደስ ይለኛል።